ታካሚዎች መድኃኒት ለምን እንደሚያቋርጡ ፒኤችዲ ልሠራ ነበር፣ አድቫይዘሬ ግን ጥያቄሽ ራሱ ልክ አይደለም አሉኝ

የሌሊት ተረኛ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ ትንሽ ረዘም ይላል ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ሳላብራራ ብጠይቅ መልሱም እንደዛው ግማሽ ይሆንብኛል ብዬ ነው።

ነርስ ነኝ። 9 ዓመት ሠርቻለሁ፣ ከዛ ውስጥ 5ቱን ቲቢ ክሊኒክ ነው ያሳለፍኩት። አሁን ፒኤችዲ ከጀመርኩ 7 ወሬ ነው፣ ፕሮግራሙ ሕክምናን ጤናንና ማኅበረሰብን አንድ ላይ የሚያጠና ነው፣ ግማሾቹ መምህራን ከሕክምናው በኩል የመጡ ናቸው ግማሾቹ ሶሺዮሎጂስትና አንትሮፖሎጂስት ናቸው፣ ማኅበረሰብንና ባህልን የሚያጠኑ ማለት ነው። ስገባ ይዤው የመጣሁት ርዕስ የቲቢ ታካሚዎች መድኃኒታቸውን ሳይጨርሱ ለምን ያቋርጣሉ የሚል ነበር።

ርዕሱን ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም። አንድ ወጣት ልጅ ነበር፣ የመጀመሪያዎቹን 2 ወራት አራቱንም መድኃኒት አንድ ቀን ሳያጓድል ወሰደ፣ ሳሉ ቆመ፣ ኪሎ ጨመረ፣ ፊቱ ተመለሰ፣ ከዛ ሁለቱን መድኃኒት ብቻ ለ4 ወር ወደሚወስድበት ክፍል ሲገባ ጠፋ። ስልክ ደወልን አያነሳም። ከስንት ጊዜ በኋላ ሲመለስ መድኃኒቱን የተላመደ ቲቢ ይዞ መጣ። እሱ የጠፋ ጊዜ መዝገቡ ላይ "ዲፎልተር"፣ አቋራጭ እንደማለት ነው፣ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ። ለምን እንደጠፋ ግን አልጠየቅኩትም፣ ሲመለስም አልጠየቅኩትም፣ ፎርሙ ላይ ለሱ የሚሆን ቦታ የለም። ይሄ ነገር እስካሁን አልወጣልኝም፣ ፒኤችዲውንም የጀመርኩት በሱ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል።

እና አሁን ያለሁበት ነገር ይሄ ነው። ዋና አድቫይዘሬ አንትሮፖሎጂስት ናቸው፣ ፕሮፖዛሌን አንብበው "ጥያቄሽ መልሱን ተሸክሞ ነው የመጣው፣ ጥፋተኛውን አስቀድመሽ መርጠሻል፣ ሄደሽ አስቢበት" ብለው መለሱልኝ፣ ከዛ በላይ አላብራሩም። ሁለተኛው አድቫይዘሬ ደግሞ ኤፒዲሚዮሎጂስት ናቸው፣ በሽታ በሕዝብ ውስጥ እንዴት እንደሚሰራጭ በቁጥር የሚያጠኑ፣ እሳቸው ጥያቄው ላይ ምንም ችግር የላቸውም፣ ችግራቸው 30 ሰው በጥልቀት አናግራለሁ ማለቴ ነው፣ በ30 ሰው ፒኤችዲ የለም ቢያንስ 400 ሰው በመጠይቅ ሙዪ ነው የሚሉኝ። ሁለቱም ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ እኔ ግን መሀል ላይ ቆሜ ሁለት ወር ምንም አልጻፍኩም።

ሌላው ደግሞ ኢንተርቪውን እሠራበት በነበረው ክሊኒክ ባደርግ ሰዎቹን አውቃቸዋለሁ ፈቃድም አይከብደኝም ብዬ አስቤ ነበር፣ የክፍሌ ልጆች ግን አይ እሱን አታድርጊ ይሉኛል። ለምን እንደማይሆን በደንብ የሚነግረኝ ሰው ካለ ደስ ይለኛል። እንደዚ ዓይነት ጥናት የሠራችሁ እባካችሁ ጥያቄውን እንዴት ላስተካክለው? 30 ሰውስ እውነት ያንሳል?

ቀስ በቀስ፦

እህቴ በ7ኛው ወር ይሄ ጥያቄ ስለመጣልሽ እንኳን ደስ ያለሽ፣ እኔ የገባኝ ዳታ ሰብስቤ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ሐኪም ነበርኩ፣ ፒኤችዲዬን የሠራሁት በዚሁ ዓይነት ዲፓርትመንት ስኳር ሕመም ላይ ነው፣ እና የመጀመሪያዎቹን 14 ኢንተርቪዎች ዛሬ ሳነባቸው ኢንተርቪው ሳይሆን የፖሊስ ምርመራ ናቸው፣ እኔ እጠይቃለሁ ሰውየው ይከላከላል።

የአድቫይዘርሽን ነገር እንዲህ እዪው። "ለምን ያቋርጣሉ" ስትዪ የድርጊቱ ባለቤት ታካሚው ብቻ ሆነ። የክሊኒኩ ሰዓት ከሥራ ሰዓት ጋ መጋጨቱ፣ አለቃው በየቀኑ ፍቃድ አለመስጠቱ፣ መድኃኒቱ የሚያመጣው ማቅለሽለሽ፣ ወረፋው፣ እዛ ወረፋ ላይ የሚያውቀው ሰው ቢያየውስ የሚለው ፍርሃት፣ እነዚህ ሁሉ ከዐረፍተ ነገሩ ውጪ ቀሩ። ሄደሽ ስትጠይቂውም መልሱ "ረሳሁት" ወይ "ሥራ በዛብኝ" ነው የሚሆነው፣ ምክንያቱም ለምን አጠፋህ የተባለ ሰው ሰበብ ነው የሚያቀርበው። ያንን ሰበብ በየጭብጡ ከፋፍለሽ ትጽፊዋለሽ፣ መጨረሻ ላይ "የግንዛቤ ማነስ" የሚል ምክረ ሐሳብ ይወጣል፣ ስንት ቴሲስ ነው እንደዛ ያለቀው።

ያቺ በእጄ ጻፍኳት ያልሻት ቃል ላይ ትንሽ ልቆይ። ዲፎልተር የሚለው ቃል ዕዳውን ሳይከፍል የቀረ ሰው የሚጠራበት ቃል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ በ2013 የቲቢ ትርጓሜዎቹን ሲያሻሽል አውጥቶታል፣ አሁን ለ2 ተከታታይ ወራትና ከዛ በላይ ሕክምናው የተቋረጠበት ሰው "ከክትትል የጠፋ" ነው የሚባለው፣ በዛው ማሻሻያ ቲቢ ሊኖርበት ይችላል ተብሎ የሚመረመርን ሰው "ተጠርጣሪ" ማለትም ቀርቷል። ከዛም በፊት በ2003 የወጣው ሪፖርቱ ትእዛዝ ማክበር የሚለውን አነጋገር ትቶ ታካሚው የተስማማበትን ሕክምና መከታተል ወደሚለው አዙሮታል፣ እዛው ላይ በሀብታም አገሮች እንኳ የረጅም ጊዜ መድኃኒት በአግባቡ የሚወስደው ሰው በአማካይ 50 በመቶ ገደማ ነው ይላል። ይሄን ቁጥር ያዢው፣ አንድ ነገር ግማሹ ሰው የሚያደርገው ከሆነ የግለሰቦች ጠባይ ጉድለት ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ይከብዳል። ደግሞ ልብ በይ፣ በኛ አፍ "ከክትትል የጠፋ" ስንልም አሁንም የጠፋው እሱ ነው፣ ክትትሉ አይደለም የጠፋበት።

ይሄ የቃል ጨዋታ አይምሰልሽ። አማርኛ ላይ ሰው ሲታመም "አመመኝ" ነው የሚለው፣ አድራጊው ሕመሙ ነው፣ እኛ የሚደረግብን ነን። በሕመሙ ጊዜ ሁሉ የሚደረግበት ሰው ሆኖ ይቆይና መዝገቡ ላይ አድራጊ የሚሆነው "አቋረጠ" ሲባል ብቻ ነው። እኔ ቴሲሴን የጀመርኩት ከዚች ነጥብ ነው።

በሽታና ሕመም ብለሽ ለይተሽ ማሰብም ይረዳሻል፣ አርተር ክላይንማን የሚባለው የአእምሮ ሐኪምና አንትሮፖሎጂስት ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲያስተምረው የኖረው ነገር ነው። በሽታው ኤክስሬዩ ላይ ያለው ነው፣ ሕመሙ ግን ሰውየው የሚኖረው ነገር ነው፣ ስሙን ምን እንደሚለው፣ ለምን አሁን እንደመጣበት፣ በጣም የሚፈራው ምን እንደሆነ። ያ ልጅ በ2ኛው ወር ሕመሙ አልቆለት ይሆናል፣ ሳል የለ ትኩሳት የለ፣ በሽታው ግን አላለቀም። አንቺ በሽታውን እያከምሽ ነበር፣ እሱ ሕመሙን። ሁለታችሁም በየመንገዳችሁ ልክ ነበራችሁ።

እዚ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ። ባህልና እምነት ነው የሚያስጥላቸው ወደሚለው ደግሞ እንዳትሄጂ፣ ከነርሲንግ የመጣ ሰው አንትሮፖሎጂ ሲጀምር በጣም የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው። ፖል ፋርመር፣ ሐኪምም አንትሮፖሎጂስትም የነበረው፣ በሄይቲ ገጠር ከባልደረቦቹ ጋ የቲቢ ታካሚዎችን ተከታትሎ ነበር። ብዙዎቹ ሕመሙ በድግምት የመጣ ነው ብለው ያምኑ ነበር፣ ግን እምነቱ መድኃኒቱን ከመውሰድ አላገዳቸውም። ለውጥ ያመጣው ሌላ ነገር ነው፣ ከመድኃኒቱ ጋ የምግብና የገንዘብ ድጋፍ ያገኙት ቤታቸው ድረስም ሰው የሚሄድላቸው ከሞላ ጎደል ሁሉም ዳኑ፣ ነፃ መድኃኒት ብቻ የተሰጣቸው ግን ውጤታቸው በጣም ዝቅ ያለ ነበር። ስለዚ እኔ ብሆን ጥያቄውን "6 ወር ሙሉ መድኃኒት መውሰድ ከአንድ ሰው ሕይወት ምን ምን ይጠይቃል፣ ያንንስ ማን ይከፍላል" ወደሚል ነገር እወስደዋለሁ። ያኔ ያቋረጠውም የጨረሰውም አንድ ጥናት ውስጥ ይገባሉ።

ክሊኒክሽን በተመለከተ የክፍልሽ ልጆች ልክ ናቸው። የሄልሲንኪ ድንጋጌ፣ በሰው ላይ የሚደረግ የሕክምና ጥናት የሚመራበት የሥነ ምግባር ሰነድ፣ ተሳታፊው ከሐኪሙ ጋ የጥገኝነት ግንኙነት ካለው ፈቃዱን የሚጠይቀው ሌላ ገለልተኛ ሰው መሆን አለበት ይላል። ክኒኑን በየቀኑ የምትሰጪው አንቺ ሆነሽ "ለጥናቴ ፈቃደኛ ነህ?" ስትዪው አይ ማለት ይችላል ወይ? ከአፉ እሺ ይወጣል፣ ያ እሺ ግን ፈቃድ አይደለም። ሌላው ደግሞ አንቺን የሚያውቅ ሰው ስለክሊኒኩ ክፉ አይነግርሽም፣ ይሉኝታ አለ፣ ስለዚ ዳታሽም ይበላሻል። ሌላ ቦታ ሂጂ፣ ነርስ መሆንሽን አትደብቂ ግን ጋውኑን አውልቂ።

ቁጥር ወዳጅ፦

ኤፒዲሚዮሎጂስት ነኝ፣ ስለ ሁለተኛው አድቫይዘርሽ ማንም አልተናገረላቸውም።

በመጀመሪያ ያቺ 400 ከየት እንደመጣች ልንገርሽ፣ ብዙ ተማሪ ሳያውቃት ነው የሚጽፋት። የነገሩን መጠን አታውቂም እንበል፣ 50 በመቶ ብለሽ ትገምቺያለሽ፣ ከ5 በመቶ በላይ ስሕተት አልፈልግም ትያለሽ፣ 95 በመቶ እርግጠኝነት ትይዣለሽ፣ ፎርሙላው 384 ይሰጥሻል። መልስ የማይሰጡ ሰዎች ይኖራሉ ተብሎ ጨምረሽ ታጠጋጊያለሽ 400 እና ከዛ በላይ ይሆናል። ይቺ ቁጥር "ስንት በመቶው" ለሚል ጥያቄ ነው የተሠራችው። ጥያቄሽ "እንዴት" ከሆነ ፎርሙላው አንቺን አይመለከትም፣ ይሄን ለአድቫይዘርሽ በአክብሮት ብታስረጂያቸው የሚቀበሉሽ ይመስለኛል፣ እኔ ከማውቃቸው የሙያ ጓደኞቼ ብዙዎቹ ይቀበላሉ።

ግን እባካችሁ ቁጥርን የስሜት አልባ ሰዎች ሥራ አታድርጉት። በ1967 ለንደን ላይ የተጀመረው የዋይትሆል ጥናት ከ17 ሺህ በላይ ወንድ የመንግሥት ሠራተኞችን ተከታትሎ ምን አገኘ፣ ሁሉም ቢሮ የሚሠሩ ሁሉም ደመወዝ ያላቸው ናቸው፣ ግን በደረጃ ዝቅ ባሉ ቁጥር በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው ይጨምራል፣ ሲጋራው ደም ግፊቱ ኮሌስትሮሉ ሁሉ ተደምሮ ልዩነቱን ሙሉ በሙሉ ሊያብራራው አልቻለም። ይሄንን በኢንተርቪው ማንም አያገኘውም፣ ከሰዎቹ አንዱም "እኔ የምሞተው በደረጃዬ ነው" ብሎ አይነግርሽም፣ አያውቀውማ። አንዳንድ ነገር የሚታየው ከሩቅና ከብዙ ሰው ብቻ ነው።

ሁለተኛ የሚያሳስበኝ፣ ያቋረጡ ሰዎችን የት ነው የምታገኚያቸው? ክሊኒክ ከሄድሽ የምታገኚው አቋርጦ የተመለሰውን ነው። ያልተመለሰው፣ የሞተው፣ ከተማ የቀየረው፣ የታሰረው፣ ሌላ ቦታ ሄዶ በሌላ ስም ሕክምና የጀመረው እዛ የለም። ስለ ማቋረጥ የሚጻፈው ነገር ብዙውን ጊዜ ስለ መመለስ ነው። 30 ሰውም አናግሪ 300 ይሄ አድልዎ አብሮሽ አለ። ስለዚ መጀመሪያ መዝገቡን ውሰጂና እንደ ዳታ ሥሪው፣ በስንተኛው ወር ነው ሰው የሚጠፋው፣ እነማን ናቸው፣ ከክሊኒኩ ምን ያህል ርቀት ላይ ይኖራሉ፣ ከዛ ከየዓይነቱ መርጠሽ ሰው ፈልጊ። አንድ ቻፕተር የኔ ዓይነት ሁለት ቻፕተር የነሱ ዓይነት ይሁን፣ ሁለቱም አድቫይዘሮችሽ ይፈርማሉ።

በመጨረሻ በ30 ሰው ሠርተሽ "አብዛኞቹ ተሳታፊዎች" "67 በመቶው" ብለሽ እንዳትጽፊ፣ አደራ። ኢንተርቪውን የሚያስንቀው እሱ ነው።

ቀስ በቀስ፦

ቁጥር ወዳጅ የመዝገቡን ነገር በሙሉ ልብ እቀበላለሁ፣ ያልተመለሱትን ማን ይፈልጋቸዋል ያልከውም ልክ ነው፣ እኔም አላሰብኩትም ነበር። በዋይትሆሉ ግን ትንሽ ልከራከርህ። ቁጥሩ ደረጃ በደረጃ መውረዱን አሳየ፣ ለምን የሚለውን ግን ቁጥሩ ብቻውን አልነገረንም። በ1985 የተጀመረው ሁለተኛው ዋይትሆል፣ ሴቶችንም የጨመረው፣ ሥራህ ላይ ምን ያህል የመወሰን ሥልጣን አለህ ብሎ መጠየቅ ያስፈለገው ለዛ ነው። እና ያቺ ጥያቄ መጠይቅ ላይ ከመግባቷ በፊት ሥራ ለሠራተኛው ምን እንደሚመስል ቁጭ ብሎ ያዳመጠ ሰው ሳይኖር አይቀርም። መዝገቡ ውስጥ ዓምድ የሌለው ነገር አይቆጠርም፣ እህታችን ያለችውም እሱን ነው፣ ፎርሙ ላይ ቦታ የለውም። እኔ ቅደም ተከተሉን ብቻ ነው የምቃወምህ፣ ማዳመጡ ይቅደምና ምን እንደሚቆጠር እሱ ይንገረን።

ሦስተኛ ዓመት፦

እኔ ገና አልጨረስኩም፣ ስለዚ ከሥር ሆኜ የምነግርሽ የቀን ተቀን ነገር ነው። የኔ ጥናት የካንሰር ታካሚ ቤተሰቦች ላይ ነው።

የ30 ሰውን ነገር ስትከራከሪ "ሳቹሬሽን" የሚለውን ቃል፣ ተጨማሪ ሰው ብታናግሪም አዲስ ሐሳብ የማይወጣበት ደረጃ ማለት ነው፣ ብቻ ወርውረሽ እንዳታልፊ፣ እኔ እንደዛ አድርጌ ኮሚቴው በደንብ ጠይቆኛል። ሁሉም የሚጠቅሰው የ2006ቱ ጥናት አለ፣ 60 ኢንተርቪው አድርገው አብዛኛው አዲስ ሐሳብ በመጀመሪያዎቹ 12 ውስጥ እንደወጣ አገኙ፣ ከዛ ወዲህ ሰው ሁሉ 12 ይበቃል ይላል። ግን እነሱ ያናገሩት ተመሳሳይ ሰዎችን ነው ጥያቄያቸውም ጠባብ ነው፣ አንቺ ያቋረጠም የጨረሰም ወንድም ሴትም ብለሽ ካሰፋሽው 12 አይበቃሽም። እኔን ያዳነኝ በ2016 የወጣው "የመረጃ ጉልበት" የሚለው ሐሳብ ነው፣ ባጭሩ ጥያቄሽ በጠበበ፣ ሰዎቹ ለጉዳዩ በቀረቡ፣ ንግግሩም ጥልቀት ባለው ቁጥር የሚያስፈልግሽ ሰው ያንሳል። ይሄን ጽፈሽ ብታቀርቢ ቁጥሯን ሳይሆን ምክንያቱን ነው የሚያዩልሽ።

ሁለተኛ ሰዓትሽን አስቢበት በጣም። እኔ የ1 ሰዓት ቅጂ ቃል በቃል ለመጻፍ 6 ሰዓት ይፈጅብኛል፣ ሰውየው ቀስ ብሎ የሚያወራ ከሆነ ይበልጣል፣ 30 ሰው ስትዪ ያንን አባዢው። ደግሞ ራስሽ ጻፊው፣ ለሌላ ሰው ከፍለሽ አታስጽፊ፣ እኔ የመጀመሪያዎቹን አስጽፌ ዝምታዎቹን ሁሉ አጣኋቸው። አንዲት እናት "እሱን ሲነግሩኝ..." ብላ 40 ሴኮንድ ገደማ ዝም ያለችበት ቦታ አለ፣ ጽሑፉ ላይ ሦስት ነጥብ ብቻ ነው ያለው። ቴሲሱን በሌላ ቋንቋ የምትጽፊ ከሆነም ኮዲንጉን፣ ንግግሩን በየሐሳቡ መለየቱን ማለቴ ነው፣ በሰማሽበት ቋንቋ ሥሪ፣ ትርጉሙን መጨረሻ ላይ ለምትጠቅሺያቸው ንግግሮች ብቻ አድርጊው። "ሆድ ባሰኝ" ያለችኝን ሴት እንዴት ብዬ ላሻግራት፣ አዘንኩ ማለት አይደለም፣ ቃሉን ራሱን አስቀምጬ በአንድ አንቀጽ ነው ያብራራሁት፣ ኤግዛሚነሮቹ ምን እንደሚሉ ገና አላውቅም።

ሦስተኛ ደብተር ያዢ። ከእያንዳንዱ ኢንተርቪው በኋላ በዛው ቀን ምን እንደተሰማሽ ጻፊ። አንቺ ደግሞ ያ ልጅ አለ። ልጁን በየሰዉ ፊት ላይ ታዪዋለሽ፣ ልክ እኔ አባቴን እንዳየሁት። ያንን ከጥናቱ ማውጣት አይቻልም፣ ግን የት የት ቦታ ላይ ጥያቄሽን እንዳጣመመው ካልጻፍሽው በኋላ አታገኚውም። እኔ ደብተሬን ሳነብ ነው አባቴ ያልጠየቀውን ነገር ሁሉ ሰዎቹን ስጠይቅ እንደነበር የገባኝ።

እና አንድ ነገር ኢቲክስ ፎርም (የጥናቱ ሥነ ምግባር ማመልከቻ) ላይ አሁኑኑ ወስኚ፣ ኢንተርቪው ላይ ያለ ሰው መድኃኒት አቁሟል አሁንም ያስለዋል እንበል፣ ቤቱ ሕፃን አለ። ምን ልታደርጊ ነው? ነርስ ነሽ። ምስጢር እጠብቃለሁ ብለሽ ፈርመሻል። ሰውየው ከመናገሩ በፊት የምስጢሩ ወሰን የት ድረስ እንደሆነ ማወቅ አለበት፣ ከተናገረ በኋላ ብትነግሪው ክህደት ነው።

ስድስት ወር፦

ተመራማሪ አይደለሁም፣ ይሄን ጽሑፍ ጓደኛዬ ልካልኝ ነው ያነበብኩት። ቲቢ ታምሜ 6 ወሩን ጨርሻለሁ፣ አንዲት የፒኤችዲ ተማሪም አናግራኛለች፣ ስለዚ ከወዲያ በኩል ልንገራችሁ ብዬ ነው።

እኔ አላቋረጥኩም። ግን ለማቋረጥ አንድ ሐሙስ ሲቀረኝ የቆየሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ከባዱ የመጀመሪያው ወር ይመስላችኋል፣ አይደለም፣ ያኔ ሞትን ስለምትፈሩ ማንኛውንም ነገር ትውጣላችሁ። ከባዱ አራተኛው ወር ነው። ደህና ናችሁ፣ ትሠራላችሁ፣ ሰው "ተሻለሽ አይደል?" ይላችኋል፣ እና በየቀኑ ጠዋት ያቺ ክኒን ታማሚ መሆናችሁን ታስታውሳችኋለች። ሽንቴ ብርቱካናማ ሲሆን ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም ነበር፣ ደም መስሎኝ ሌሊቱን ሙሉ አለቀስኩ፣ ለካ የመድኃኒቱ ቀለም ነው። በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚነገር ነገር ነበር። ቤት ውስጥ ደግሞ ብርጭቆዬ ተለየ። መድኃኒት ከጀመርኩና ምርመራዬ ነፃ ከሆነ በኋላም ብርጭቆዬ እንደተለየ ቀረ፣ ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፣ ግን የሚመልሳት ሰው አልነበረም።

አለማቋረጤ ጀግንነት አልነበረም። እህቴ የሥራ ሰዓቷን ቀይራ ጠዋት ልጄን ትይዝልኝ ነበር። ይኸው ነው። እሷ ባትኖር መዝገቡ ላይ ያንን ቃል ትጽፉልኝ ነበር፣ እኔ ያው እኔ ሆኜ።

ያቺ ተማሪ መጀመሪያ "መድኃኒቱን በአግባቡ ወስደሻል?" አለችኝ፣ "አዎ" አልኩ፣ ጨረስን። ደግነቱ ወረቀቷን አስቀምጣ "እሺ አንዱን ቀን ከጠዋት ጀምረሽ ንገሪኝ" አለችኝ። ከዛ 2 ሰዓት አወራሁ። ስለ እህቴ የነገርኳት ያኔ ነው፣ ከዛ በፊት ስለ እህቴ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ስለዚ የጨረሱትንም ጠይቂ፣ ያቋረጠ ሰው ምን እንደጎደለው ላያውቅ ይችላል፣ የጨረሰ ሰው ግን ማን እንደያዘው ያውቃል።

እና ያንን ልጅ በሕይወት ካለ ብትጠይቂው መልካም ነው፣ ለጥናቱ ሳይሆን።

የሌሊት ተረኛ፦

ሁላችሁንም አንብቤ ሁለት ቀን መልስ መጻፍ አቃተኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ትናንት ሁለቱንም አድቫይዘሮች አንድ ላይ አገኘኋቸው፣ መጀመሪያ ጊዜ ነው አንድ ክፍል የተቀመጡት። ጥያቄው አሁን "የ6 ወር የቲቢ ሕክምና በታካሚው በቤተሰቡና በክሊኒኩ መካከል በየቀኑ እንዴት ይከናወናል፣ ሸክሙስ በማን ላይ ይወድቃል" የሚል ነው፣ ገና ረጅም ነው አውቃለሁ፣ ዋና አድቫይዘሬ ግን "እሺ አሁን የማላውቀውን ነገር ጠየቅሽኝ" አሉ። ሁለተኛው አድቫይዘሬ 384ን ሳነሳባቸው ፈገግ ብለው የመዝገቡን ቻፕተር እሳቸው እንደሚያማክሩኝ ተስማሙ፣ መጀመሪያ ግን 8 ሰው አናግሬ ከዛ በመነሳት ከመዝገቡ ምን እንደምፈልግ እወስናለሁ፣ ስለዚ ቀስ በቀስ እና ቁጥር ወዳጅ ሁለታችሁም ትንሽ ትንሽ አሸንፋችኋል። ያልተመለሱትን ሰዎች በቤተሰብና በጎረቤት በኩል መፈለግ ምስጢራቸውን ያወጣል ብለን ስለፈራን እሱ ገና አልተፈታም፣ ሐሳብ ያለው ካለ አሁንም እጠብቃለሁ። ክሊኒኬን ትቼዋለሁ፣ ሌላ ቦታ ነው የምሄደው፣ ፈቃዱንም የሚጠይቅልኝ ሌላ ሰው ነው። ምስጢሩ የት ድረስ እንደሆነ የመረጃ ቅጹ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ገብቷል።

የተላመደው ቲቢ ሕክምና ለልጁ ረጅም ነበር፣ ግን በሕይወት አለ፣ ጨርሷል። በቀድሞ ባልደረባዬ በኩል ጠይቄ ስልክ ቁጥሬን ሰጥቼዋለሁ፣ እሱ ከፈለገ ይደውላል።

ስድስት ወር እህቴ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፣ የማናግራቸውን ሰዎች የት ባገኛቸው ጥሩ ነው ትያለሽ? ክሊኒኩ ውስጥ ባዶ ክፍል እንሰጥሻለን ብለውኛል።

ስድስት ወር፦

ክሊኒኩ ውስጥ አይሁን እህቴ፣ ክኒኑን ስንውጥ ያዩን ቦታ ላይ ሌላ ነገር አይወጣንም። ቤታቸውም አይሁን፣ ብርጭቆዋ ያለችው እዛ ነው። እኔን ያናገረችኝ ልጅ ጠርታኝ ሳይሆን የት ይመችሻል ብላኝ ነው፣ ከሥራ ስወጣ አብራኝ በእግሯ ሄደች፣ መቅጃውን ኪሷ አድርጋ ማይኩን ደረቴ ላይ ሰክታልኝ። ጎን ለጎን ስትሄዱ ፊት ለፊት አትተያዩም፣ እሱ ለመናገር ቀላል ነው። ብቻ ቀስ ብለሽ ሂጂ፣ አንዳንዶቻችን አሁንም ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥረናል።